በሸራ ጀልባ ለዓመታት ለሚወጣ ሰው የሕክምና ኢንሹራንስ ከየት ይገኛል?

የመነሻው ጥያቄ

ሰላም ለሁላችሁ። ኤፕሪል ላይ 65 ዓመት ይሞላኛል። ወጣትነቴ ባሕር ኃይል ውስጥ፣ ምጽዋና ዳህላክ ላይ ነው ያለፈው። በ1983 ዓ.ም. ግንቦት ከአሰብ በመርከብ ወጥተው የመን ከገቡት አንዱ ነኝ። ከዚያ ወዲህ ያለው ታሪክ የብዙዎቻችሁ ነው፤ ካምፕ፣ ቪዛ፣ ሜሪላንድ። ከሠላሳ ዓመት በላይ የሆቴል ቦይለርና ኤሲ ስጠግን ኖሬ ዘንድሮ ጡረታ ወጣሁ። ከስድስት ዓመት በፊት አናፖሊስ ላይ አንድ አሮጌ ካታሊና 34 ገዛሁ፤ እ.ኤ.አ. በ1988 የተሠራች የሸራ ጀልባ ናት። ሞተሯን በገዛ እጄ አውርጄ በገዛ እጄ መልሼ ገጠምኩ። ስሟን ዳህላክ አልናት።

ባለቤቴ 59 ዓመቷ ነው። ደም ብዛት አለባት፤ በቀን አንድ ኪኒን ትወስዳለች፣ ከዚያ ውጭ ከእኔ ትበረታለች። ዕቅዳችን በሚቀጥለው ዓመት ኖቬምበር ከቼሳፒክ ወጥተን፣ ከኖርፎክ በውስጥ የውሃ መንገድ ፍሎሪዳ ወርደን፣ ባሃማስን፣ ፖርቶ ሪኮን፣ ከዚያ ትንንሾቹን ደሴቶች እየነካን ግሬናዳ መድረስ ነው። የአውሎ ነፋሱ ወቅት ከጁን እስከ ኖቬምበር መጨረሻ ስለሆነ እዚያ እናሳልፈዋለን። ቀጥሎ ፓናማ፣ እግዚአብሔር ካለ ደግሞ ፓሲፊክ። ሦስት ዓመት፣ ቢበዛ አራት።

ጀልባዋ ኢንሹራንስ አላት፤ የሌለን እኛ ነን። ሦስት ኩባንያ ደወልኩ። አንደኛው ዘንድ ስልክ ያነሳችው ልጅ ሸራ መንዳት ይካተታል አለችኝ። ወረቀቱ ሲመጣ 48 ገጽ ነው። ገጽ 31 ላይ፣ በትንንሽ ፊደል፣ ከባሕር ዳርቻ ከ12 ኖቲካል ማይል በላይ ርቆ የደረሰ ጉዳት አይሸፈንም ይላል። መልሼ ብደውል ሌላ ሰው አነሳ፤ እሱ ደግሞ ጀልባ ስለው ካያክ ነበር የመሰለው። ሁለተኛው የጠየቀን ወርሃዊ ክፍያ ከቤት ኪራያችን የሚተናነስ አይደለም። ሦስተኛው ደም ብዛት የሚለውን ቃል ሲሰማ ድምፁ ተለወጠ።

እዚህ ባሕር ላይ የምትሠሩ፣ ነርሶች፣ ኢንሹራንስ የምትሸጡም እንዳላችሁ አውቃለሁ። ጡረተኛ የሚችለው፣ በክፉ ቀንም የሚደርስ ነገር አለ? ባለቤቴ መልሳችሁን ሳታነብ መልህቅ አይነሳም ብላለች።

መልሶቹ

ከተለጠፈ ሦስት ሳምንት ሆነው። ግማሹ ቁም ነገር፣ ሩቡ ምርቃት፣ የቀረው ጠብ ነው። ኋላ ለሚመጣ ሰው ሁሉን ከማንበብ እንዲድን በየቁጥራቸው አሳጥሬ አስቀምጣለሁ። የራሴን ሐሳብ ጣል ሳላደርግ አላልፍም፤ ጥያቄው የእኔ ነውና።

መልስ 1፦ ምርቃት ብቻ። የጀልባዋን ፎቶ ጠይቋል። ለጥፌለታለሁ።

መልስ 2፦ አንድ የሲልቨር ስፕሪንግ ልጅ፣ ጋሼ ብሎ በትሕትና ጀምሮ፣ የምጨነቅበት ነገር እንዳልገባው ጻፈ። በእሱ አስተሳሰብ ሠላሳ ዓመት ታክስ የከፈለ ሰው 65 ሲሞላው ሜዲኬር የሚባለው የመንግሥት የጤና ኢንሹራንስ አለው፤ ሜዲኬር የአሜሪካ መንግሥት ነው፤ መንግሥት ደግሞ ዜጋውን የትም አይጥልም። አባባሉ ደስ ይላል። እኔም እስከ አምና ድረስ እንደዚያው ይመስለኝ ነበር።

መልስ 3፦ ባልቲሞር ያለች ነርስ እህታችን አረመችው። ሜዲኬር የሚሠራው በ50ዎቹ ግዛቶች፣ በዋሽንግተን ዲሲ፣ በፖርቶ ሪኮ፣ በአሜሪካ ቨርጂን ደሴቶች፣ በጉዋም፣ በአሜሪካ ሳሞአና በሰሜን ማሪያና ደሴቶች ብቻ መሆኑን ዘረዘረች። ከዚያ ውጭ ያሉት ጥቂት ቀዳዳዎች ናቸው፤ ወደ አላስካ በካናዳ ሲያልፉ መታመም፣ ወይም ለታመሙበት ቦታ የጎረቤት አገር ሆስፒታል ከአሜሪካው የቀረበ መሆን። ስለ መርከብም አንድ አንቀጽ አለ፤ ሐኪም ያለበት መርከብ ከአሜሪካ ወደብ ከ6 ሰዓት ባልበለጠ ርቀት ላይ ከሆነ ይሸፈናል። ቁጭ ብዬ አሰብኩት። ዳህላክ በ5 ኖት ነው የምትሄደው፤ በ6 ሰዓት 30 ማይል። ሐኪሟ ደግሞ ባለቤቴ ናት፣ ያላትም ቴርሞሜትር ነው።

ግን የዚህች እህት መልስ ውስጥ እኔ ያላየሁት ነገር ነበር። መንገዳችን ፖርቶ ሪኮን ይነካል፤ ከዚያ ቀጥሎ ያለው ሴንት ቶማስም የአሜሪካ ነው። ስለዚህ እንደ ጥርስ፣ እንደ ደም ምርመራ ያለውን ጉዳይ የፖርቶ ሪኮን ዋና ከተማ ሳን ሁዋንን ታሳቢ አድርገን ብናስቀምጠው ከባሕር ሳንርቅ በሜዲኬር ልታይ እችላለሁ ማለት ነው። ጥርሱን ሜዲኬር እንደማይከፍል ቆይታ ራሷ አስታወሰችኝ። የቀረው ግን ይሠራል።

መልስ 4፦ ኢንሹራንስ የሚሸጥ ወንድም፣ በጣም ጨዋ። ሜዲኬር አድቫንቴጅ የሚባለውን፣ በግል ኩባንያዎች በኩል የሚሰጠውን የሜዲኬር ዓይነት፣ እንድይዝ መከረ፤ ብዙዎቹ ተጨማሪ ወርሃዊ ክፍያ የላቸውም፣ መነጽርና ጥርስም ይጨምራሉ። እሑድ ከቅዳሴ በኋላ አዳራሹ ውስጥ እንደሚገኝም ጠቆመ።

መልስ 5፦ ከዚህ ጀምሮ ድምፁ ተለወጠ። ጸሐፊው ሰላምታም አላስቀደመም። አድቫንቴጅ በካውንቲ የታጠረ መሆኑን፣ ሰው ከአገልግሎት ክልሉ ከ6 ወር በላይ ሲጠፋ በአብዛኛው እንደሚሰረዝ ጻፈና ለሦስት ዓመት ባሕር ላይ ለሚወጣ ሰው ይህን ማቅረብ ወይ አለማወቅ ነው ወይ ሌላ ነገር ነው ባይ ነው።

መልስ 6 እና 7፦ ሻጩ በውጭ አገር ድንገተኛ ሕክምና የሚሸፍኑ አድቫንቴጆች መኖራቸውን ገለጸ። እውነቱን ነው፣ አሉ። አምስተኛው መላሽ ግን ኮሚሽን የምትል ቃል ወረወረ። ከዚያ በኋላ የተባባሉትን እዚህ አልደግመውም። እኔ ራሴ ገብቼ ሁለቱንም አመስግኜ አስቆምኳቸው። በነገሩ ግን አምስተኛው ልክ ነበር፤ አነጋገሩ ነው ያበላሸው።

መልስ 8፦ አንድ ሰው ቢ የሚባለውን፣ የሐኪም ክፍያ የሚሸፍነውን የሜዲኬር ክፍል ጭራሽ እንዳልገዛ መከረኝ። እ.ኤ.አ. በ2025 መደበኛው የቢ ክፍያ በወር 185 ዶላር ነበር፤ ውጭ አገር ለማይሠራ ነገር ለምን ትከፍላለህ፣ ሲመለሱ ይገባበታል የሚል ሐሳብ ነው። ልቤ ወደዚህ አዘንብሎ ነበር፤ በዓመት ከ2,200 ዶላር በላይ ነው፣ ለአንድ አሮጌ ጀልባ አዲስ ሸራ ማለት ነው።

መልስ 9፦ ነርሷ ተመለሰች። ቢን በጊዜው ያልገዛ ሰው፣ በሥራ ቦታ የሚሸፍነው ኢንሹራንስ ከሌለው፣ በዘገየበት ለእያንዳንዱ ሙሉ 12 ወር 10 በመቶ ይጨመርበታል፤ ጭማሪው ደግሞ ለአንድ ዓመት አይደለም፣ ክፍሉን ይዞ እስከኖረ ድረስ ነው። አራት ዓመት ብዘገይ 40 በመቶ፣ በ2025ቱ ዋጋ በየወሩ 74 ዶላር ቅጣት። ከዚያ የባሰው ሜዲጋፕ የሚባለው ማሟያ ነው። 65 ሞልቶ ቢ ከተጀመረ በኋላ ባሉት 6 ወራት ውስጥ ኩባንያዎቹ በጤናዬ ምክንያት ሊከለክሉኝ አይችሉም፤ ካለፈ በኋላ ግን ጤናዬን መርምረው እምቢ ማለት በብዙ ግዛት ይፈቀድላቸዋል። “ጂ” በሚል ፊደል የሚጠራውን የመሰሉት የሜዲጋፕ ዓይነቶች ደግሞ ውጭ አገር ለሚደርስ ድንገተኛ ሕመም መጀመሪያ 250 ዶላር ከኪስ ተከፍሎ ከቀረው 80 በመቶውን ይሸፍናሉ፤ ግን ከአሜሪካ በወጡ በመጀመሪያዎቹ 60 ቀናት ውስጥ ለጀመረ ሕመም ብቻ፣ በዕድሜ ልክም ከ50,000 ዶላር አይበልጥም።

ይህን መልስ ሁለት ጊዜ ጮክ ብዬ አነበብኩት። ባለቤቴ ከኩሽና ሆና ሦስተኛ ጊዜ አስነበበችኝ።

መልስ 10፦ አንዱ ብልህ፣ ፖርቶ ሪኮን በነካን ቁጥር 60ው ቀን ከዜሮ ይጀምራል ወይ ብሎ ጠየቀ። ነርሷ ይህን ከኩባንያው በጽሑፍ ሳታገኙ በስልክ ቃል እንዳትነሱ አስጠነቀቀች። ገጽ 31ን ያየ ሰው አይከራከራትም።

መልስ 11፦ ባቦጋያ የተማረ የመርከብ መሐንዲስ፣ ሲንጋፖር አጠገብ ከቆመ የጭነት መርከብ ላይ ጻፈ። የሕክምና ወጪ የባለመርከቡ ግዴታ ስለሆነ ለብቻዬ ኢንሹራንስ መፈለጌ አስገርሞታል። እ.ኤ.አ. በ2013 ሥራ ላይ የዋለውን የ2006ቱን የባሕር ሠራተኞች ስምምነት ጠቅሶ፣ መርከበኛ ሥራ ላይ ሳለ ቢታመም ባለመርከቡ ቢያንስ 16 ሳምንት እንደሚያሳክመው አስረዳ።

መልስ 12፦ አንዲት እህት በለሰለሰ ቃል፣ ጋሼ ባለመርከቡም መርከበኛውም እሳቸው ራሳቸው መሆናቸውን አስታወሰችው። ስምምነቱ ለተቀጠረ ሰው ነው፤ ለመዝናኛ ጀልባ አይሠራም።

መልስ 13፦ መሐንዲሱ ስህተቱን ወዲያው ተቀበለ። ይቅርታውን አስከትሎ ደግሞ ከመልሶቹ ሁሉ በላጩን ጻፈ፤ ባሕሩን በየቀኑ የሚያየው ሰው ስለሆነ ይሆናል። እኛ ኢንሹራንስ ብለን በአንድ ቃል የምንጠራው ሦስት የተለያየ ነገር መሆኑን ነው ያስተማረኝ። አንደኛው ከጀልባው ላይ ማውጣት ነው። ሁለተኛው ካረፉበት ደካማ ክሊኒክ ወደ ደህና ሆስፒታል በአውሮፕላን ማዛወር ነው። ሦስተኛው የሆስፒታሉን ሂሳብ መክፈል ነው። ሁለተኛውን የሚሸጡ የአባልነት ድርጅቶች አሉ፤ ከእነሱ አንዱ እ.ኤ.አ. በ1980 በዱክ ዩኒቨርሲቲ የተጀመረው የጠላቂ ዋናተኞቹ ዳን ነው። ክፍያቸው ከጤና ኢንሹራንስ ጋር አይወዳደርም፣ ርካሽ ነው። ሰው ግን ይህን ገዝቶ ሄሊኮፕተር ባሕር መሐል የሚመጣለት ይመስለዋል።

የመጀመሪያው ማውጣት ማንም የማይሸጠው ነገር ነው። የአሜሪካ የባሕር ጠረፍ ጥበቃ ሰው ሲያድን ሂሳብ አይልክም፤ ትልቁ ሄሊኮፕተሩ ግን ከጣቢያው ደርሶ መመለስ የሚችለው ወደ 300 ኖቲካል ማይል ነው። ፓሲፊክ ላይ ከጋላፓጎስ ደሴቶች እስከ ማርኬሳስ ደሴቶች 3,000 ማይል ነው። መሐሉ ላይ የሚደርስልህ በአቅራቢያው የሚያልፍ የጭነት መርከብ ነው። እ.ኤ.አ. ከ1958 ጀምሮ አምቨር የሚባል ሥርዓት መርከቦች የት እንዳሉ እየተከታተለ ለተቸገረ ሰው የቀረበውን ይጠራል። ሮም ላይ ደግሞ ቺርም የሚባል እ.ኤ.አ. በ1935 የተመሠረተ የሬዲዮ ሕክምና ማዕከል አለ፤ ሐኪሞቹ የየትኛውም አገር መርከብ ላይ ላለ ሕመምተኛ በነጻ ምክር ይሰጣሉ። ቁጥሩን ካሁኑ ግድግዳዬ ላይ እንድጽፈው አዘዘኝ። ሬዲዮው አጠገብ ጽፌዋለሁ።

ከዚያ ያየውን ተረከ። አንድ ሌሊት መርከባቸው አቅጣጫ ቀይራ ወደ አንዲት የሸራ ጀልባ ሄደች። ሆዱን የታመመ ሰው ነበር። በመርከቧ ጎን የገመድ መሰላል ወረደ፤ ማዕበሉ ጀልባዋን አንድ ጊዜ ወደ ላይ ያነሳታል፣ አንድ ጊዜ ከሥር ይደብቃታል። ሰውዬው መሰላሉን መያዝ አቅቶት በመጨረሻ በቀበቶ አስረው ጎተቱት። ሚስቱ ጀልባው ላይ ብቻዋን ቀረች፤ በሬዲዮ ደህና ነኝ እያለች ሸራዋን አስተካክላ በራሷ መንገድ ቀጠለች። በሽተኛው ግን የደረሰው መርከቧ ወደምትሄድበት ወደብ ነው፣ ከአምስት ቀን በኋላ። ተረፈ። ምንም ዓይነት ውል ቢኖረው አራተኛ ቀን ላይ ሊያደርሰው እንደማይችል ነበር የመሐንዲሱ መደምደሚያ።

ባለቤቴ ይህን ስታነብ ምንም አልተናገረችም። ቡናዋ ቀዘቀዘ።

ከ14 እስከ 17፦ እዚህ ላይ ነገሩ መንገድ ሳተ። አንዱ በ65 ዓመት ዕድሜ ባሕር ከመግባት ሲኤምሲ አካባቢ ቤት መሥራት እንደሚሻል መከረ። ሌላው ከተነሳ አይቀር በራሴ ጀልባ ምጽዋ ድረስ ብመጣ ታሪክ እንደምሠራ ጻፈ። ከዚያ አሰብ መጣ፣ አሰብ ሲመጣ ሁሉም መጣ፤ አርባ መስመር ያህል የወደብ ፖለቲካ። ከመካከላቸው ቁም ነገር የነበረው አንድ ነው፤ እ.ኤ.አ. ከኖቬምበር 2023 ጀምሮ በባብ ኤል መንደብ በመርከቦች ላይ የተከፈተው ጥቃት ሲነሳ፣ የጤና ውሎች በአብዛኛው በጦርነት የደረሰ ጉዳትን እንደማይሸፍኑ አንድ ሰው ጠቆመ። እኔ ያን ባሕር አንድ ጊዜ በጦርነት ወጥቼበታለሁ። ይበቃኛል።

መልስ 18፦ የጭነት መኪና የሚነዳ ወንድም ዘዴ አመጣ። ፍሎሪዳ ውስጥ ግሪን ኮቭ ስፕሪንግስ የምትባል ከተማ ላይ ለጀልባ ሰዎች ፖስታ የሚቀበል አድራሻ ይገኛል፤ ሳውዝ ዳኮታ ደግሞ አንድ ሌሊት አድሮ መንጃ ፈቃድ ማውጣት ይቻላል። በዚያ አድራሻ ባለቤቴን በመንግሥት ድጎማ ርካሽ ኢንሹራንስ ውስጥ አቆይቶ መሄድ ነው ነገሩ።

መልስ 19፦ ታክስ የምትሠራ እህት ነች፤ እሷም ሰላምታ የላትም። ፖስታ መቀበልና መኖር አንድ እንዳልሆነ፣ ኦባማኬር የሚባለው የጤና ኢንሹራንስ ገበያ የሚሸጠው በአገሩ ለሚኖር ሰው መሆኑን፣ ማመልከቻው ላይ በሐሰት መፈረም የሚያስጠይቅ መሆኑን አንድ በአንድ ደረደረች። ተሳካ ብንል እንኳ ውሉ የአንድ አካባቢ ሐኪሞች ውል ነው፤ ግሬናዳ ላይ ለሚሰበር እግር ምን ያደርጋል የሚል ነው ጥያቄዋ። ይልቅ ማወቅ ያለብን ሌላ ነገር አለ፤ ከውጭ አገር ኖሮ ወደ አሜሪካ የሚመለስ ሰው ዓመታዊውን የምዝገባ ወቅት ሳይጠብቅ በ60 ቀን ውስጥ መመዝገብ ይችላል፣ ነባር በሽታ አለብሽ ተብሎም አይከለከልም። ስለዚህ ባለቤቴ ስትወጣ ማቋረጥ፣ ስትመለስ መመዝገብ ትችላለች፤ ውሸት አያስፈልግም።

መልስ 20፦ ሹፌሩ ተቆጥቶ፣ ሁላችንም በስንት አድራሻ እንደምንኖር እንደሚያውቅ ጻፈ። እሷ አልመለሰችለትም። ለመንጃ ፈቃድና ለፖስታ የእሱ አድራሻ ይጠቅመኛል፣ እውነቴን ነው፤ ለዚህኛው ግን እሷ ናት ልክ።

መልስ 21፦ እንዲህ ያለውን ሰው ነበር ስጠብቅ የቆየሁት። ጎተንበርግ፣ ስዊድን የምትኖር እህት፣ ከባለቤቷ ጋር ሁለት ዓመት ካሪቢያን ላይ በሸራ የቆየች። እኔ ብቻ ነኝ ያበድኩት ብዬ አስብ ነበር።

የእሷ የመጀመሪያ ምክር ገንዘብ ነው፤ ውሉ ዓለምን በሙሉ ከአሜሪካ በስተቀር የሚል ይሁን። ዋጋውን የሚሰቅለው አሜሪካ ውስጥ የመታከም መብት ነው። እኔ ደግሞ አሜሪካ ውስጥ ሜዲኬር ስለሚኖረኝ ሁለት ጊዜ ልከፍል ነበር ማለት ነው። ሁለተኛው፣ ዲዳክቲብሉን፣ ማለትም ኢንሹራንሱ መክፈል ከመጀመሩ በፊት ከኪስ የሚወጣውን፣ ከፍ አድርጎ ወርሃዊውን ዝቅ ማድረግ። ለጉንፋንና ለጆሮ ሕመም ደሴት ላይ ያለ የግል ሐኪም በካሽ ይከፈለዋል፣ ያን ያህል አይጎዳም፤ ኢንሹራንስ የሚያስፈልገው ለሚያከስረው ነገር ነው። ሦስተኛው፣ የውሉን ቃል ማየት፤ የጉዞ ኢንሹራንስ ሄዶ ለሚመለስ ሰው የተሠራ ነው፣ ብዙዎቹ የጉዞውን ቀን ብዛት ይገድባሉ፣ ለዓመታት ለሚወጣ ሰው የሚሆነው ውጭ ለሚኖሩ የሚሸጠው ነው።

ከዚያ ጣቷን ተረከች። ግሬናዳ ላይ መልህቅ ሲጎትቱ ሰንሰለቱ ከመጎተቻው ማሽን ላይ ዘለለና የግራ እጇን ሌባ ጣት ያዘው። ባለቤቷ ማሽኑን ሲያጠፋ የጣቷ ጫፍ ጠፍጣፋ ሆኖ ነበር። ያገኙት ንጹሕ ጨርቅ እናቷ የሰጠቻት ነጠላ ነው፤ ቀዱትና አሰሩት፣ በቀረው አንገቷ ላይ አንጠለጠሉት። ሆስፒታሉ ሳያስተኛት በፊት ማስያዣ ጠየቀ። ኢንሹራንሷ ወደ ሆስፒታሉ ዋስትና መላክ ይችል ነበር፣ ግን አስቀድሞ ደውሎ ቁጥር መውሰድ ያስፈልጋል፤ ያን ቀን ማን ያስታውሳል። በክሬዲት ካርድ ከፈሉ። ገንዘቡን ለማስመለስ አራት ወር ፈጀ። ኩባንያው ደረሰኙን ሁለት ጊዜ መለሰው፤ ደረሰኙ ጠቅላላ ድምሩን ብቻ ነበር የሚያሳየው፣ የስፌቱን ለብቻ፣ የራጁን ለብቻ፣ የመድኃኒቱን ለብቻ የሚል ዝርዝር ፈለጉ። ስለዚህ ከሆስፒታል በር ሳትወጡ ዝርዝር ደረሰኝ አስጽፋችሁ፣ ማኅተም አስደርጋችሁ ውጡ ትላለች። የነጠላው ቅዳጅ አሁንም ጀልባዋ ውስጥ አለ።

አንድ የእነሱ ብቻ የሆነ ዕድልም አጫወተችን። የአውሮፓ የጤና መድን ካርድ ማርቲኒክና ጓዴሉፕ ላይ ይሠራል፤ የፈረንሳይ አካል ናቸውና። ጊዜ ለሚሰጥ ሕመም ሁሉ ሸራቸውን ወደ ማርቲኒክ ያዞሩ ነበር። ነርሷ ስለ ሳን ሁዋን ያለችውን በአውሮፓኛ ደገመችው ማለት ነው።

መልስ 22፦ ከቶሮንቶ። የኦንታሪዮን ካርድ ለማቆየት በየትኛውም 12 ወር ውስጥ 153 ቀን እዚያው መገኘት ያስፈልጋል፤ ውጭ አገር ሆስፒታል ለተኛ ደግሞ ካርዱ የሚከፍለው ቢበዛ በቀን 400 የካናዳ ዶላር ነው። ነጻ ሕክምና እያላችሁ ለምን ታማርራላችሁ ለምትሉን መልሱ ይሄው ባይ ነው።

መልስ 23፦ ግሪን ካርድ ያለው ወንድም የራሱን ጥያቄ ይዞ ገባ፤ እንዲህ ሦስት ዓመት ብጠፋ ካርዴ ምን ይሆናል የሚል ነው። ከአንድ ዓመት በላይ የሚወጣ አስቀድሞ የመመለሻ ፈቃድ ማውጣት እንዳለበት፣ እሱም እስከ ሁለት ዓመት እንደሆነ ሰዎች ነግረውት ሄደ።

መልስ 24 እና 25፦ ስንቅ። አንዲት እናት ድርቆሽና ቋንጣ ለጀልባ የተፈጠሩ ምግቦች መሆናቸውን ጠቅሳ እንዴት በጨርቅ ከረጢት እንደሚቀመጡ በዝርዝር ጻፈች። ሃያ ሰው ወደደላት፤ ከኢንሹራንሱ መልሶች አንዱም ይህን ያህል አላገኘም። ነርሷ የቋንጣው ጨው ለባለቤቴ ደም ብዛት ምን እንደሚያደርግ ጠይቃ ደስታችንን አቀዘቀዘች።

መልስ 26፦ ከዚያው ቀጥላ ነርሷ የመጨረሻውን፣ ከሁሉም የከበደውን ጥያቄ አነሳች። ባለቤቴን ደም ብዛቷን ከውል ውጭ አድርገው ከተቀበሏት፣ እግዚአብሔር አያድርገውና ስትሮክ ቢመታት ወይ ልቧ ቢታመም ኩባንያው ያው ደም ብዛት ነው ብሎ አይመልሳትም ወይ? የኪኒኗን የንግድ ስም ሳይሆን አምሎዲፒን የሚለውን የመድኃኒት ስም በሐኪም ወረቀት ላይ አስጽፈን እንድንይዝም አዘዘች፤ የንግድ ስሙ ከደሴት ደሴት ይለያያል።

የመጨረሻው ከእኔ

የደረስንበትን ልንገራችሁ። እኔ ኤፕሪል ላይ የሜዲኬርን የሆስፒታል ክፍል ኤንም ቢንም እይዛለሁ፣ ሜዲጋፕ ጂንም በ6 ወሩ ውስጥ እገዛለሁ። ለሁለታችን የማዛወሪያ አባልነት ገብተናል። ዓለም ከአሜሪካ በስተቀር የሚለውን ውል ዋጋ ከሁለት ቦታ አስመጣን፣ ዲዳክቲብሉን ከፍ አድርገን፤ መጀመሪያ ከተጠየቅነው ጋር አይገናኝም፣ እንችለዋለን። የ12 ማይሉን ነገር ሁለቱንም በኢሜይል ጠየቅኩ። ሁለቱም የርቀት ገደብ እንደሌለ በጽሑፍ መለሱ፤ አትመን ከፓስፖርታችን ጋር አስቀምጠነዋል።

የነርሷን ጥያቄም ቃል በቃል ላክሁላቸው። አንደኛው በሦስተኛው ቀን መለሰ፤ ከደም ብዛት የሚከተል ማንኛውም ሕመም ከውል ውጭ ነው። ስትሮክም ልብም ማለት ነው። ርካሹ እሱ ነበር። ሁለተኛው ደም ብዛቷን ከእነ ተከታዩ ተቀብሎ ወርሃዊውን ከፍ አደረገ። ሁለተኛውን ያዝን፤ አዲሱ ሸራ ይቆይ።

ባለቤቴ ከ1 እስከ 26 ያለውን በሙሉ አነበበች። 13ኛውንና 21ኛውን ደግማ። ከዚያ ጠረጴዛው ላይ የተዘረጋውን ካርታ አየችው፣ በእርሳስ ከአናፖሊስ ሳን ሁዋን፣ ከሳን ሁዋን ግሬናዳ፣ ከግሬናዳ ፓናማ አሰመረች። ከፓናማ ወዲያ ያለውን፣ ጋላፓጎስን ከእነ 3,000 ማይሉ፣ አጥፋ አጣጥፋ መሳቢያ ውስጥ ከተተችው። ቁልፉ እሷ ዘንድ ነው።